ካፒቴኑን ለመቀስቀስ ይሉኝታ ያዘኝ

ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ታንኳ ሲቀዘፍ እያየሁ ማለቴ ነው እንጂ እየቀዘፍኩ አይደለም። ወደ ጣና ዳር ስጠጋ እናቴ ካየችኝ ቤት የሚጠብቀኝ አለንጋ ነበር። ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት ደውዬ "ከቶንጋ ተነስቼ በሸራ ጀልባ ወደ ኒውዚላንድ ልሻገር ነው" ስላት መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ዝም አለች። ቆይታ፦ "ምን አጥተህ?"

እውነቷን ነው። እኛ ባሕር የምንሻገረው ስናጣ ነው። ከሰፈራችን በጅቡቲ አድርጎ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን የተሻገረ ልጅ አለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም፤ እናቱ ግን እስከ ዛሬ ስልኳን አታጠፋም። ታዲያ የኔ እናት ሥራ ያለው፣ የኒውዚላንድ ፓስፖርት የያዘ፣ አውሮፕላን መሳፈር የሚችል ልጇ በገዛ ገንዘቡ፣ ደስ ብሎት ጀልባ ላይ ልወጣ ነው ሲላት ምን ትበል?

የአክስቴ ባል ግን አልደነገጠም። የድሮ ባሕር ኃይል ነው። ምጽዋ አገልግሏል፣ በ1983 መርከቦቹ ወደ የመን ሲሸሹ አብሮ ሸሽቷል። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "የሌሊት ተራው ስንት ስንት ሰዓት ነው?"

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ኦክላንድ ነው፤ "የሸራዎች ከተማ" የሚሏት። ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ረቡዕ ረቡዕ ማታ ወደ ጀልባ ውድድር ጎትቶ ወሰደኝ፤ ገመድ ሳብ ሲሉኝ እየሳብኩ፣ ልቀቅ ሲሉኝ እየለቀቅኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። በነገራችን ላይ ለውድድር ሁልጊዜ ሰው ይጎድላቸዋል፤ ቢራ ይዞ የመጣን አይመልሱም። እዚያ ነው ወሬውን የሰማሁት። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ገደማ በሞቃታማው ፓስፊክ የሳይክሎን፣ የከባድ አውሎ ነፋስ ወቅት ነው። ቶንጋና ፊጂ የከረሙ ጀልባዎች እሱ ሳይመጣ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኒውዚላንድ ይወርዳሉ። ብዙዎቹ ባለቤቶች ጡረተኞች ናቸው፤ ሌሊት የሚነቃላቸው ተጨማሪ ሰው ይፈልጋሉ። የኔ ካፒቴን 68 ዓመቱ ነው፣ ጡረታ የወጣ መምህር፣ 12 ሜትር ጀልባ አለው። ባትሪዎቹ አስቸግረውት ነበርና ኤሌክትሪሺያን ነኝ ስለው ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም። የማን ልጅ ነህ የለ፣ ከየት ነህ የለ። ምን ትችላለህ፣ የባሕር ሕመም አለብህ ወይ፣ ታንኮራፋለህ ወይ። አለቀ።

ከዚያ ወረቀት ላከልኝ። ለምግብና ለናፍጣ በቀን የምከፍለው ስንት እንደሆነ። መሀል ላይ በቃኝ ብዬ ብወርድ የአውሮፕላን ቲኬቱን የሚከፍለው ማን እንደሆነ (እኔ)። ምግብ በማብሰል ተራዬ ማን ዕቃ እንደሚያጥብ ሳይቀር ተጽፏል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቅር አለኝ። ያልተጋባን ሰዎች የፍቺ ውል የተፈራረምን መሰለኝ። ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ስለ ገንዘብ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እኛ መጀመሪያ ላይ "ችግር የለም፣ በኋላ እንተሳሰባለን" እንላለን፤ በኋላ ደግሞ በሽማግሌ ነው የምንተሳሰበው።

ቶንጋ መሄጃ ብቻ ቲኬት ቆርጦ መሄድም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ኤርፖርት ላይ "መመለሻህስ?" አሉኝ። በጀልባ ነው የምመለሰው አልኩ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ካፒቴኑ የጻፈልኝ ደብዳቤ ባይኖር ኖሮ እዚያው እቀር ነበር።

ስለ ቶንጋ ብዙ ማለት ይቻላል፣ እኔ ግን የቆየሁት አምስት ቀን ብቻ ነው። እሑድ ዋና ከተማቸው ኑኩአሎፋ ጭር ይላል፤ ሰንበትን ማክበር ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ሱቅ ዝግ፣ ሥራ የለም፣ የሚሰማው የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ብቻ ነው። ከቅዳሴ የወጡ የሚመስሉ ሰዎች በየደጁ ተቀምጠው ይበላሉ። በአጠገባቸው ሳልፍ አንዲት ትልቅ ሴት "ሃኡ ኦ ካይ!" አሉኝ። ና ብላ ማለታቸው ነው። "እንብላ" ማለት አይደል? እግሬ ቆመ። የቀረበልኝ ደግሞ ታሮ ነው፣ የኛው ጎደሬ፣ ከመሬት ውስጥ ምድጃ በቅጠል ተጠቅልሎ የወጣ። ከኢትዮጵያ እንዲህ ርቄ ጎደሬ የሚበላ፣ አላፊ አግዳሚውን እንብላ የሚል ሕዝብ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም። ማታ ለካፒቴኑ ስነግረው "ታውቃቸዋለህ?" አለኝ። አላውቃቸውም አልኩት። ግራ ገባው።

ጉዞው ከቶንጋ እስከ ኦፑዋ፣ ማለት እስከ ሰሜን ኒውዚላንድ፣ 1,100 የባሕር ማይል ገደማ ነው። ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በሉት። ጀልባችን በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው፤ ደህና ብስክሌተኛ ይቀድመናል። አራት ነበርን፦ ካፒቴኑ፣ አንድ ጡረተኛ የላም አርቢ፣ አንዲት ፈረንሳዊት ወጣት፣ እኔ። ሌሊቱ በሦስት በሦስት ሰዓት ይከፈላል። የኔ ተራ ከሌሊቱ ስድስት እስከ ዘጠኝ ነው። አንዱ ብቻውን ውጭ ይቀመጣል፣ ቀበቶውን ከጀልባዋ ጋር አስሮ፤ ሦስቱ ይተኛሉ። መሪውን አውቶፓይለት ይይዛል። ያንተ ሥራ ነፋሱን፣ አድማሱን፣ የመርከብ መብራትን መጠበቅ ነው። የጉዞ መዝገቡ መጀመሪያ ገጽ ላይ ካፒቴኑ በትልቁ ጽፎታል፦ "ከተጠራጠርክ ቀስቅሰኝ። ልቀስቅሰው ይሆን እያልክ ካሰብክም ቀስቅሰኝ።"

አንብቤ ፈርሜያለሁ።

የመጀመሪያው ማታ ላይ እራት ሲቀርብ "ትበላለህ?" አለኝ። "ጠግቤያለሁ" አልኩ። ይህን ቀልድ ስንት ጊዜ ሰምታችሁታል፣ እኔም ለአዲስ መጪዎች ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ፣ 11 ዓመት ውጭ ኖሬ ግን አፌ ከኔ ቀድሞ አለው። ድስቱ ተከደነ። ሌሊት በሶ በጥብጬ ጠጣሁ። (ይህን ያዙልኝ፦ ለባሕር ጉዞ እንደ በሶና ዳቦ ቆሎ ያለ ስንቅ የለም። ጀልባ ሲንገጫገጭ እሳት አያስፈልገውም፣ አይበላሽም፣ በአንድ እጅ ይበላል፤ ሌላው እጅ ምንጊዜም ጀልባ መያዝ አለበት።)

በሁለተኛው ሌሊት፣ በኔ ተራ፣ በስተምሥራቅ ከዋክብቱ መጥፋት ጀመሩ። ጥቁር ደመና ነው፣ ከሥሩ ዝናብ የያዘ። ነፋሱ 18 ኖት (በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነበር፣ 22 ሆነ። ትልቁ ሸራ መታጠፍ፣ ማጠር አለበት። ይህ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። መቀስቀስ ነበረብኝ። ቁልቁል አየሁ። ሽማግሌው ከተኛ አንድ ሰዓት አይሞላውም፣ አፉን ከፍቶ፣ መነጽሩን ደረቱ ላይ አድርጎ። አባቴን መሰለኝ። በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር የለም፣ እኔ ግን በሆዴ አንቱ ነበር የምለው፤ በስሙ ጥራኝ ቢለኝ ምላሴ አልታዘዝ ብሎኝ "ካፒቴን" ስለው ነው የከረምኩት። ትንሽ ይተኛ አልኩ። ደመናው በጎን ያልፍ ይሆናል አልኩ። ደግሞ ቀስቅሼው ምንም ባይሆንስ? "ይቺን ፈርቶ ነው" ቢለኝስ? 25። 28። ከዚያ ማሰቢያ ጊዜም አልነበረም። ጀልባዋ በጎኗ ተጋደመች፣ አውቶፓይለቱ ጮኸ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ያልታሰረው ሁሉ ተገለበጠ፣ ፈረንሳዊቷ ከአልጋዋ ወለሉ ላይ ወደቀች። ካፒቴኑ በውስጥ ሱሪ ወጣ። አልተሳደበም። "መሪውን ያዝ፣ ወደ ነፋሱ አዙራት" ብሎ በዚያ ዝናብ ምሰሶው ሥር ሄዶ ሸራውን አወረደ። በ20 ደቂቃ አለቀ። ሄዶ ተኛ።

ያልተቆጣኝ መሆኑ አናደደኝ። ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ያነጋገረኝ ሚነርቫ ስንደርስ ነው። ሚነርቫ የሚገርም ቦታ ነው፤ ከቶንጋ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ውቅያኖስ መሀል፣ ክብ የኮራል ቀለበት። በአንዲት መግቢያ ገብተህ መልሕቅ ትጥላለህ፣ ዙሪያህን ግን መሬት የለም። ውኃው ሲሞላ ቀለበቱ ራሱ ይሰወራል፤ ባዶ ባሕር ላይ የቆምክ ትመስላለህ። እ.ኤ.አ. በ1972 አንድ የአሜሪካ ባለሀብትና ጓደኞቹ አሸዋ ደፍተውበት "የሚነርቫ ሪፐብሊክ" ብለው አወጁ። ቀረጥ የሌለበት አገር ሊሆን ነበር። የቶንጋው ንጉሥ ቱፖው አራተኛ በዚያው ዓመት የኔ ነው ብለው ባንዲራ ተከሉበት። እኛ እዚያ ሦስት ቀን ቆየን፤ ከታዝማን ባሕር የሚመጣው ዝቅተኛ የአየር ግፊት፣ ማለት መጥፎው አየር፣ እስኪያልፍ።

ቡና እየጠጣን "ያን ሌሊት ለምን አልቀሰቀስከኝም?" አለኝ። እንድታርፍ ብዬ ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና "ጀልባዋን ነው የሰጠሁህ፣ እንቅልፌን አይደለም" አለኝ። ቁጣ የለበትም። እንደ ሒሳብ ነው የነገረኝ።

ይሉኝታን ላስረዳው ሞከርኩ። እንግሊዝኛው አልገኝ አለኝ። ግን ስናገር ለራሴ ነበር የሚሰማኝ። አዲስ አበባ ስሠራ አንድ ሕንፃ ላይ ፎርማኑ ያዘዘው ሽቦ ለዚያ ጭነት ቀጭን እንደሆነ አይቻለሁ። ትልቅ ሰው ነው፣ ሥራ ያስያዘኝ እሱ ነው፣ ሰው ፊት ነው። ዝም አልኩ። በሁለት ወሩ ተቃጠለ፤ ደግነቱ ሰው አልነበረም። ሚኒባስ ውስጥስ? ሾፌሩ በቢሾፍቱ መንገድ ሲከንፍ 12 ሰው ልቡ ተንጠልጥሎ ዝም ይላል። አንዱ ደፍሮ "ኧረ ቀስ በል ወንድሜ" ሲል ደግሞ ዞረን የምናየው ሾፌሩን አይደለም፣ እሱን ነው።

ግን ፈረንጅ ልክ፣ እኛ ስህተት ብዬ ልጽፍ አይደለም። ፈረንሳዊቷን ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ ባሕሩ አስታውኳታል። "ደህና ነሽ?" ይሏታል፤ "ደህና ነኝ" ትላለች፤ ይሄዳሉ። ቃሏን አከበሩላት። ደህና አለመሆኗን ግን የከንፈሯ ድርቀት ይናገራል። እኔ አንደኛውን "አይ" አልቆጥርም፣ እናቴ አላስተማረችኝም። በሶውን ቀጠን አድርጌ፣ በስኳርና በትንሽ ጨው በጥብጬ፣ አልፈልግም ስትል አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ በማንኪያ በማንኪያ "በሞቴ" አልኳት፤ በአማርኛ፣ ሌላ ቃል ስላጣሁ። ሳቀች፣ ጠጣች። ካፒቴኑ "አልፈልግም ብላለች እኮ" አለኝ። ሰምቻለሁ አልኩት። በዚህ ጉዳይ እስከ ኦፑዋ አልተግባባንም።

ከሚነርቫ በኋላ እየቀዘቀዘ ሄደ። ካልሲ ወጣ፣ አልባትሮስ መጣ። ተራ ስንቀያየር እኔ ከዘጠኝ እስከ ንጋት ደረሰኝ። በዚያ ጨለማ ስለ ጥንት ሰዎች ታስባለህ። እነዚህን ደሴቶች ያገኙ ፖሊኔዥያውያን ኮምፓስ አልነበራቸውም፤ ኮከብ ከየት እንደሚወጣና ሞገድ ከየት እንደሚመጣ ይዘው ነው የሄዱት። ይህ ተረት ነው ያሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 ማው ፒያይሉግ የሚባል የማይክሮኔዥያ መርከበኛ ሆኩሌአ የተባለችውን ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ ያለ ምንም መሣሪያ ከሃዋይ ታሂቲ አደረሳት። አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

እኔ ደግሞ በመጨረሻው ሌሊት ምን ሆንኩ መሰላችሁ። በስተምሥራቅ፣ ልክ ውኃው ላይ፣ ነጭ መብራት አየሁ። ደማቅ። በአካባቢው ያሉ መርከቦችን የሚያሳየው ስክሪን ላይ ምንም የለም። ዓሣ አጥማጅ ያለበትን የሚያሳውቀውን መሣሪያ አጥፍቶ ይሆናል አልኩ። መብራቱ አይንቀሳቀስም፣ ግን ይጎላል። አሁንም ያው ነገር መጣብኝ፤ ተኝቷል፣ ደክሞታል። ወርጄ ትከሻውን ነካሁት። ወጣ፣ መነጽሩን አደረገ፣ አየ። ረጅም ጊዜ አየ።

"ቬነስ ናት" አለኝ።

ይቅርታ አልኩት። "ለምን?" አለኝ፤ ሻይ አፈላልኝና ተመልሶ ተኛ።

በማግስቱ ኦፑዋ ገባን። ገና አልተፈተሽንም የሚለውን ቢጫ ባንዲራ ሰቅለን ስንጠብቅ የድንበር ቁጥጥር ሠራተኞቹ መጥተው ማሩን፣ ሽንኩርቱን፣ የተረፉትን እንቁላሎች በሙሉ ለቅመው ወሰዱ። ስልኬ ሲሠራ መጀመሪያ የደወልኩት ለእናቴ ነው። እልልታዋን ሰምቼ፣ አልቅሳ ስትጨርስ፣ ስለ ነፋሱም፣ ስለ ማዕበሉም፣ ስለ መብራቱም ነገርኳት። ማዕበሉን ዝም ብላ አዳመጠችው። መብራቱ ላይ ስንደርስ አስቆመችኝ።

"ቆይ፣ የ68 ዓመት ሽማግሌ ከእንቅልፉ የቀሰቀስከው አጥቢያ ኮከብ አይተህ ነው?"