የእናቴን ሕመም በጽዋ ማኅበር ላይ ለምን ታነሡብኛላችሁ?

ከማርያም ማኅበር መመለሴ ነው። ነጠላዬን እንኳ አላወለቅሁም፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ዳቦው ተቆርሶ፣ ጽዋው ዞሮ፣ አባ ጸሎት አድርሰው ገና መቀመጣቸው ነበር። እኒያ ሴትዮ (ስም አልጠራም፤ የምታውቋቸው ታውቋቸዋላችሁ) ከማዶ ሆነው ቤቱ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «አንቺ፣ ለመሆኑ እናትሽ ተሻላቸው?» አሉኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ፣ ድናለች» አልኩ።

«ታዲያ ማን እንዳዳናቸው አትናገሪም? ለቀዶ ሕክምናው ገንዘብ ሲጠፋ የማንን በር ነው ያንኳኳሽው? ከዐሥሩ ለምጻሞች ለምስጋና የተመለሰው አንዱ ብቻ ነው፤ አንቺም ከዘጠኙ ወገን ሆንሽ!»

ቤቱ ጸጥ አለ። «እትዬ፣ ቤትዎ ድረስ መጥቼ ጉልበትዎን ስሜ አመስግኜዎት ነበር እኮ» አልኩ። የመለሱልኝን ስሙ፦ «እሱማ በጓዳ ነው! ማኅበሩ በምን ያውቃል?»

ማኅበሩ በምን ያውቃል! ለካ የሰጡት ለእናቴ አልነበረም። ጌታ ምጽዋት ስትሰጡ በፊታችሁ መለከት አታስነፉ፣ ቀኛችሁ የሚያደርገውን ግራችሁ አይወቅ ያለው ለማን ነው? ሴትዮዋ ያንን የወንጌል ክፍል ከእኔ በላይ በቃላቸው ያውቁታል።

ደግሞ ያንን የለምጻሞቹን ታሪክ በእኔ ላይ ካነሡት አይቀር እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ሉቃስ 17 ላይ ጌታ «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» ብሎ ጠየቀ እንጂ ለምጹን መልሶ አላለበሳቸውም። ዘጠኙም እንደ ነጹ ቀሩ። የተመለሰውም ሳምራዊ ሰው ያመሰገነው ከልቡ ነው እንጂ ማንም በሰው ፊት አስጨንቆት አይደለም። ያዕቆብም እግዚአብሔር ለሁሉ በልግስና ይሰጣል፣ አይነቅፍም ይላል። አይነቅፍም! እኛ ግን ሰጥተን እንነቅፋለን፤ ነቅፈን ደግሞ ምስጋና እንጠብቃለን።

በየቅዳሴው በጸሎተ አኰቴት «እስመ ሠወረነ ወረድአነ» ሲባል አብረን እንቆማለን። ስለ ሸፈነን፣ ስለ ረዳን እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። እርሱ የሸፈነውን የእናቴን ችግር እርስዎ ለምን በሰው ፊት ገለጡት እትዬ?

ይህ የእርሳቸው ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። በየዓመት በዓሉ አምስት ሊትር ዘይትና ዱቄት ለአንዲት አሮጊት ሲሰጥ ካሜራ ይደቀናል፤ እናት አንገታቸውን ደፍተው «ቀና በሉ፣ ፈገግ በሉ» ይባላሉ። ያቺን ፎቶ ልጆቻቸው ቢያዩስ? አጎቴም አንድ ጊዜ የትምህርት ቤት ክፍያ ከፍሎልኝ ነበር፤ ይኸው ሥራ ከያዝኩ በኋላም ፋሲካ በመጣ ቁጥር፣ ዶሮው ሳይቀርብ፣ ያቺ ክፍያ ትቀርባለች። እውነቴን ነው፣ ከባንክ መበደር ይሻላል፤ ባንክ ከፍለው ሲጨርሱ ይለቅዎታል።

እናቴ ተኝታ ሳለች ከጠያቂዎቹ አንዱ ትራሷ ሥር ገንዘብ አስቀምጦ ሄዷል። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም። እናቴ ጠዋት ጠዋት ስትጸልይ «ያንን የማላውቀውን ልጅህን ባርክልኝ» ትላለች። ማንም አመስግኚ አላላትም።

እኛ ሁላችን የምንኖረው በጸጋ አይደለም እንዴ? ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ጸጋው አድኖአችኋል፣ ስጦታ ነው፣ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም ብሎ ጽፏል። በወንጌሉ ምሳሌ እልፍ መክሊት ዕዳ የተተወለት ባሪያ ወጥቶ ባልንጀራውን በመቶ ዲናር አንቆ ያዘው። ዛሬ ያነቁኝ መክፈል ያቃተኝን ዕዳ ይዘው እንኳ አይደለም፤ አንድ ጊዜ የከፈልኩትን ምስጋና በአደባባይ ድገሚው ብለው ነው።

ከሁሉ ያቃጠለኝ ደግሞ ዝምታው ነው። አንድ ሰው እንኳ «እትዬ፣ ይቅርብዎ» አላለም። አባም ዳዊታቸውን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። እኔስ ምን አልኩ? «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብዬ ተነሥቼ በሰው ሁሉ ፊት እንደገና አመሰገንኩ። ምን ላድርግ፣ እናቴ የዳነችው በእርሳቸውም ገንዘብ ነው። እርሳቸውም «እንዲህ ነው እንጂ» ብለው ዳቦአቸውን መብላት ቀጠሉ።

በሚቀጥለው ወር ጽዋው የሚወጣው እኔ ቤት ነው። ጠላውንም ዳቦውንም አሰናዳለሁ፤ እርሳቸውንም ከሌላው እኩል በክብር አስቀምጣለሁ። ነገር ግን እናቴ እዚያው ከምድጃው አጠገብ ስለምትሆን፣ እባካችሁ፣ የምትቀርቧቸው ካላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩልኝ፤ እርሷ ፊት ይህን ነገር እንዳያነሡ።