ከቦይ እስከ ቦዬ

የአየር ትንበያ ይሳሳታል፤ የእኛ የጅማ ሰፈር ሰው ግን አይሳሳትም። በጅሬን ኮረብታ በኩል ደመናው ሲጠቁር፣ ገና ጠብ ሳይል፣ የየግቢው በር ገርበብ ይላል። ከየበሩ ኋላ አንድ ሰው፣ አንድ ማዳበሪያ ቆሻሻ። ለሌላ ነገር እንዲህ ተዘጋጅተን አናውቅም።

ባለፈው ጎረቤቴን ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ማዳበሪያቸውን አጠገባቸው አስደግፈው አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ምን ይጠብቃሉ?»

«ጎርፉን ነዋ! አሁን ብደፋው እዚሁ ይቀራል፤ ሰው ይታዘበኛል።»

ይሉኝታ ማለት ይሄ ነው! ቦዩ ሞልቶ ማጓራት ሲጀምር ገለበጡት፦ የሳምንት ገረባ፣ የጫት ኮባ፣ ፌስታል፣ የልጅ ልጃቸው ዳይፐር። ሁሉም ተያይዞ ሲወርድ በዓይናቸው ሸኙና «ተገላገልን» አሉ። ከበራቸው ካለፈ የመንግሥት ነው።

የጋራዥ ልጆችንም ማመስገን ይገባል። የተቃጠለውን ዘይት ቦዩ ውስጥ ስለሚደፉልን የማርያም መቀነት ለማየት ማንጋጠጥ ቀርቷል፤ ጎንበስ ብሎ ማየት ነው። ፌስታሉስ? ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ደንግጎ ነበር፤ ስንት ዘመኑ! ቦያችን ግን ትሑት ነው፤ ውፍረት ሳይለካ ሁሉንም ይቀበላል።

ደግሞ እንደ ሽንት ቤት ጉድጓድ እዚያው ታጉሮ የሚቀር እንዳይመስላችሁ። መሐል ላይ የሚያጣራው ነገር የለም፤ ቦዩ ቀጥታ አዌቱ ወንዝ ይገባል፣ አዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያ ግልገል ጊቤ ወንዝ። ለቦዬ ወፎች ገረባ፣ ለጉማሬው ዳይፐር። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብም ድርሻውን አያጣም። እኛስ ወንዙን በማዳበሪያ እያዳበርነው አይደል? መብራት ሲጠፋ ደግሞ «ምን ነካቸው?» ብለን እንቆጣለን።

የጽዳት ዘመቻችንን ልርሳው እንዴ? አካፋ ይዘን እንወጣለን፣ ደለሉን ከቦዩ እናወጣለን፣ እዚያው ቦዩ ዳር እንከምራለን፣ ፎቶ እንነሳለን። ማታ ሲዘንብ ክምሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኛም ለሚቀጥለው ዘመቻ ሥራ አናጣም።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼን በራቸው ላይ አገኘኋቸው። ሌሊት ድልድዩ ሥር ያለው ቱቦ ተደፍኖ ጎርፉ ወደ ግቢያቸው ገብቷል። ደጃፋቸው ላይ ጭቃ የጠገበ ዳይፐር ተጋድሟል፤ የማን እንደሆነ እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ።

«የላይ ሰፈር ሰዎች እኮ ሥርዓት የላቸውም!» አሉኝ። በእንጨት ገፋ ገፋ አድርገው ቦዩ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ቀና ብለው ወደ ጅሬን አዩ።

«ከሰዓት ይወስደዋል።»