አክተር አይሞትም

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የድሬዳዋ ፀሐይ ሰውን ሁሉ ጥላ ሥር በምታስርበት ሰዓት፣ የእህቴ ባል ከሐረር መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደውን ፊልም አበላሸብኝ። ልጅቱ ገዳዩን የተገላገለችው መስሏት በሩ ሥር ተቀምጣ ትንፋሿን ስትሰበስብ፣ እኔም ስንት ጊዜ ያየሁትን ድንጋጤ እንደ አዲስ ልደነግጠው ስዘጋጅ፣ እሱ ጣቱን ቀስሮ «አሁን ከኋላዋ ብድግ ይላል» አለ። ብድግ አለ። እኔ ግን አልደነገጥኩም፤ እስካሁን የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው።

ፊልሙ ጆን ካርፔንተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 የሠራው «ሃሎዊን» ነው። እኔ ያየሁት ከተሠራ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ በነበረ አንድ ቪዲዮ ቤት፣ ከጣራው ቆርቆሮ የሚወርደው ሙቀት ብቻውን ሰው በሚገድልበት ክፍል ነበር። በዚያ ቤት ሕግ አንድ ነው፤ አክተር አይሞትም። ጥይት ቢዘንብበትም፣ ከገደል ቢወረወርም፣ አክተሩ አቧራውን አራግፎ እንደሚነሣ እያወቅን ነበር ሳንቲማችንን የምንከፍለው። በዚህ ፊልም ግን አልሞት ያለው ገዳዩ ሆነና በልጅነቴ የማውቀው ሕግ ሁሉ ተገለበጠ።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ቂሜን ካላወጣሁ አይሆንልኝም። ያ ቪዲዮ ቤት ተርጓሚ ነበረው፤ ተርጓሚው ደግሞ እንግሊዝኛ አያውቅም ነበር። አለማወቁን ይቅር ብየዋለሁ፤ ይቅር ያላልኩት የእሱ ድምፅ እንዲሰማ ብለው የፊልሙን ድምፅ መቀነሳቸውን ነው። ካርፔንተር ፊልሙን ገና ሙዚቃ ሳይገባበት ለአንዲት የፊልም ኩባንያ ሠራተኛ አሳይቷት ምንም እንዳላስፈራት፣ ከዚያ በኋላም በአምስት ምት የሚሄደውን ያን ፋታ የማይሰጥ ዜማ ራሱ ሠርቶ እንዳስገባበት ተናግሯል፤ የእኛዎቹ የቀነሱት እንግዲህ ፍርሃቱን ራሱን ነበር። ይህም አልበቃ ብሏቸው፣ ደጅ የተሰለፈው ደንበኛ ስለበዛ ፊልሙ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ተርጓሚው «ዶክተሩ ገዳዩን በስድስት ጥይት መታው፣ ከሰገነት ወደቀ፣ ሞተ፣ በሉ ውጡ» ብሎ ሸኘን።

ያን ማታ ደረቁን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አቋርጬ ወደ ሰፈሬ ወደ ከዚራ ስመለስ፣ የሞተ ሰው ከኋላዬ ይከተለኝ ነበር። ስቆም ይቆማል፣ ስሮጥ ይሮጣል፤ የገዛ እግሬ ድምፅ መሆኑን ያወቅኩት ቤቴ በር ላይ ነው። በማግስቱ ያንን ፍርሃት ፍለጋ ተመልሼ ሄድኩ፤ እነሆ እስከ ዛሬ እየፈለግኩት ነው። የፊልሙን መጨረሻ በሙሉ ያየሁት ግን ሚስት አግብቼ፣ ቤት ሠርቼ ነው። ዶክተሩ ከሰገነቱ ወደ ታች ሲያይ ሣሩ ላይ ማንም የለም! ያን ሌሊት የቤቴን በር ሦስት ጊዜ ተነሥቼ አየሁ፤ ተርጓሚውንም በየጊዜው ረገምኩት።

ወደ እህቴ ባል ልመለስ። «ጭምብሉ እኮ ጎማ ነው» ይለኛል። አውቃለሁ። ሁለት ዶላር በማይሞላ ዋጋ የተገዛ፣ በአንድ የጠፈር ተከታታይ ፊልም ካፒቴን መልክ የተሠራ ጭምብል ነው፤ የዓይኑን ቀዳዳ አስፍተው ነጭ ቀለም ቀቡት። መንገዱ ላይ የሚታየው የረገፈ ቅጠልም ቀለም የተቀባ ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቅጠል በማይረግፍበት በጸደይ ስለቀረጹት አንዱን ትዕይንት ሲጨርሱ ለሚቀጥለው ይለቅሙት ነበር። ይህን ሁሉ አውቄ ነው የምፈራው፤ እሱ የሚነግረኝ የማላውቅ መስሎት ነው እንዴ?

ከዚያ ደግሞ ጉራው አለ። «እኛ ሐረር ጅብ የምናጎርስ ሰዎች ጭምብል አያስፈራንም» ይላል። እርግጥ ነው፣ የጁገል ግንብ ከአምስቱ የጥንት በሮቹ ሌላ ለጅብ መግቢያ የሚሆን ቀዳዳም አለው፤ ሲመሽ ሥጋ በእንጨት ይዘው፣ እንጨቱን በጥርሳቸው ነክሰው ጅብ የሚያጎርሱ ሰዎችም አሉ። የእህቴ ባል ግን ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ በሕይወቱ ያጎረሰው ልጆቹን ብቻ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት ስለምወደው ያለ ቦታውም እጠቅሰዋለሁ፤ ዛሬ ግን ቦታው ነው፤ ምክንያቱም ያ ዜማ በጀመረ ቁጥር ውኃ ሊጠጣ ይወጣል፤ ዜማው ሲያቆም ተመልሶ «አላልኳችሁም?» ይላል። አራት ጊዜ ወጣ። አራት ብርጭቆ ውኃ በድሬ ሙቀትም ቢሆን ይበዛል። ለካ አስቀድሞ የሚናገረው ስለሚያውቅ ሳይሆን፣ ያልተነገረ ነገር ድንገት እንዳያገኘው ነው።

ይህን ፊት ለፊት ልነግረው ስል፣ ትንሹ ልጁ ከመጋረጃው ኋላ ተደብቆ ሁሉንም ሲያይ እንደነበር ታወቀ። ዶክተሩ ተኩሶ ገዳዩ ሲወድቅ እጄን ጨብጦ «አጎቴ፣ ሞተ አይደል?» አለኝ። አባቱ ውኃ ሊጠጣ ወጥቷል። ሪሞቱን አንሥቼ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁና «ስድስት ጥይት፣ ከሰገነት ወደቀ፣ ሞተ፤ በል ሂድ ተኛ» አልኩት።