ሦስት እርምጃ ላይ ቆመው ብረት ለሚተኩሱ ጀግኖቻችን

ዛሬ ትችት የለም። ዛሬ ምስጋና ነው። ምስጋናው የሚገባቸው ቅዳሜ ሲሆን ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ከተሞች ወጣ ብለው፣ ወዳጃቸው በገዛው የገጠር መሬት ላይ ለዒላማ ብረት አቁመው፣ ሦስት እርምጃ ያህል ራቅ ብለው ለሚተኩሱ ወንድሞቼ ነው። ቪዲዮአችሁ በየግሩፑ ይደርሰኛል። ሽጉጡ ይጮኻል፣ ብረቱ ያቃጭላል፣ ከኋላ አንዱ "ወንድ!" ይላል። እኔም ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ "ወንድ!" እላለሁ።

ከሁሉ በፊት ቅርበታችሁ ይደነቅልኝ። ሌላው ዓለም ዒላማን ከሩቅ መምታት ነው ችሎታ ይላል። ከሩቅማ ማንም ይስታል። የትሪ ስፋት ያለው ብረት አፍንጫ ሥር ቆሞ አለመሳት ነው እንጂ ቁም ነገሩ! ኢፕስክ የሚባል ዓለም አቀፍ የተኩስ ስፖርት ማኅበር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ሚዙሪ ውስጥ ነው የተመሠረተው። የዓለም ምርጥ ተኳሾች በሚወዳደሩበት በዚያ ማኅበር ሕግ እንኳ ብረት ላይ በሽጉጥ ሲተኮስ ከ7 ሜትር በታች መቅረብ ክልክል ነው። ብረቱን የሚያመርቱት ደግሞ ይብሳሉ። ለሽጉጥ ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ ራቁ ይላሉ። ለጠመንጃ 100 ያርድ! እዚያ ድረስማ በመኪና ነው የሚኬደው። የናንተ ሦስት እርምጃ ጉልበትም ጊዜም ይቆጥባል። ብረቱን ለማየት መሄድ አያስፈልግም፤ እሱ ራሱ ወደናንተ ይመጣል፣ በቁርጥራጭ መልክ።

ብረቱን ከየት እንዳመጣችሁት አልጠየቅኩም፤ ያስታውቃል። አንዱ ቪዲዮ ላይ የመኪና ፍሬን ዲስክ አየሁ። ሌላው ላይ ከጂም የተረፈ የክብደት ማንሻ። ሦስተኛው ከየት እንደተቆረጠ የማይታወቅ ላሜራ ነው፣ ጫፉ ላይ የብየዳው ጠባሳ አልጠፋም። ለተኩስ ተብሎ የሚሸጠው ኤ አር 500 የሚባለው ነው። ጥንካሬው በብሪኔል መለኪያ 500 ገደማ ይደርሳል። ግን ገንዘብ ይጠይቃል። ብረት ብረት አይደለም እንዴ?

አይደለም አሉ፣ ነገር የሚያበዙት። እስቲ ክርክራቸውን ልንገራችሁና አብረን እንሳቅ። ጥይት ፊቱ ያልተቦረቦረ ጠንካራ ብረት ሲመታ ብትንትኑ ይወጣል። እርሳሱም የመዳብ ልባሱም ተበጣጥሶ፣ የብረቱን ፊት ታክኮ ወደ ዙሪያው ይረጫል። ከብረቱ ፊት ፈቀቅ የሚለው 20 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ይላሉ። ስለዚህ ብረቱ ደህና ከሆነና በቂ ርቀት ካለ ተኳሹ ብዙ አይነካውም። ብዙውን የሚቀበለው ብረቱ አጠገብ በጎን ያለው ነው።

ብረቱ ለስላሳ ሲሆን ግን ጨዋታው ይለወጣል። እያንዳንዱ ጥይት ጉድጓድ ቆፍሮ ይሄዳል። የሚቀጥለው ጥይት ያ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ወደ ጎን መርጨት አይችልም። ጎድጓዳ ሳህን ላይ በኃይል እንደተከፈተ የቧንቧ ውሃ፣ ጠርዙን ይዞ ዞሮ ወደ መጣበት ይመለሳል። የመጣው ደግሞ ከናንተ ነው። ጠመንጃውን 100 ያርድ አርቁት የሚሉትም ለዚሁ ነው። ከአፈሙዙ በሰከንድ 900 ሜትር አልፎ የሚወጣ ጥይት፣ በቅርብ ሲያገኘው ያንን ውዱን ብረት ራሱን ይቦረቡረዋል። እናንተ ደግሞ ፍሬን ዲስኩን በጠመንጃ፣ ያውም በሦስት እርምጃ! ዲስኩ የጨረቃን ፊት መስሏል። አንዱ "የመታሁትን ቁጠሩልኝ" እያለ ጣቱን ጉድጓዱ ውስጥ ሲከት አይቻለሁ። ደስታው ደስታዬ ነው።

አቀማመጡም ቢሆን የራሳችሁ ፈጠራ ነው። ፈሪዎቹ ብረቱን በሰንሰለት ያንጠለጥሉና ፊቱን ወደ መሬት ትንሽ ዘንበል ያደርጉታል። ሲመታ ወዝወዝ ይላል፣ ፍንጣሪው አፈር ይገባል። አፈር ምን ያደርግለታል? እናንተ ድንጋይ ታስደግፉታላችሁ። ፊቱ ወደ ሰማይ ቀና ይላል፣ ፍንጣሪውም አብሮት ቀና ይላል።

ወደ መነጽሩ እንምጣ። መነጽር የፈሪ ነው። ፈሪ ደግሞ ለእናቱ ይኖራል ይባላል። የናንተ እናቶች ተረቱን እንዴት እንደሚያዩት አልጠየቅኩም። ፍሬሙ ላይ "ዜድ 87" የሚል የአሜሪካ የደህንነት ደረጃ ምልክት ያለበት የዓይን መከላከያ ከአንድ ፓኮ ጥይት ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ግን ጥይት ድምፅ አለው፣ መነጽር ምን ድምፅ አለው? በርግጥ ከመካከላችሁ አንዱ መነጽር ይዟል። አልዋሽም። ጥቁር የፀሐይ መነጽር ነው፤ ያደረገው ግንባሩ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጀመረ ስቲል ቻሌንጅ የሚባል ውድድር አለ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚተኮሰው ብረት ነው። እዚያ ተወዳዳሪው ብቻ ሳይሆን ሊያይ የመጣው ሰው ሁሉ መነጽር ያደርጋል። ከ40 ዓመት በላይ ብረት ሲተኩሱ ኖረው ዛሬም አልደፈሩም። እናንተ በሁለተኛው ቅዳሜ ደፈራችሁ።

ካሜራማኑን ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ጀግናውማ ቢያንስ ብረቱን ያያል። ካሜራማኑ የሚያየው ስልኩን ነው። ብልጭታው እንዳያመልጠው ብሎ ብረቱ አጠገብ በጎን ይንበረከካል። ቅድም ፍንጣሪው ይረጭበታል ያልኩት ቦታ ላይ ማለት ነው። አንዱ ቪዲዮ መሀል ላይ ምስሉ ድንገት ይናጥና "ኡ! ምንድነው?" የሚል ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ ሳቅ። ሲሰቀል ሙዚቃ ገብቶበት፣ የልብ ምልክት ዘንቦበት ነበር።

ጥይት አመራረጣችሁ ላይ ብዙ አልቆይም። ርካሹን ነው የምትገዙት፣ ጨረስኩ። ጫፉ አረንጓዴ ቀለም የተቀባው ውስጡ የብረት ሹል እንዳለው፣ ተኩስ ሜዳዎች መግቢያቸው ላይ ማግኔት ይዘው ጥይት የሚፈትሹትም ለቀልድ እንዳልሆነ ብነግራችሁ ማን ይሰማኛል። ብረት ላይ ሲመታ ዱቄት እንዲሆን ተብሎ ከታመቀ የመዳብ ብናኝ የሚሠራ ጥይትም አለ። እሱ ግን ውድ ነው፤ ደግሞስ ዱቄት ለመሆን ማን ጥይት ይገዛል?

ልጆቹንም አልረሳችኋቸውም። ለነሱ የአየር ጠመንጃ ተገዝቷል። "ይሄ ምንም አያደርግም" ተብሎ ያቺን የብረት ፍሬ እዚያው ዲስክ ላይ ይተኩሳሉ። ፍሬዋ ቀርፋፋ ናት፣ አትሰበርም። ስለዚህ ሳትጎድል ሙሉዋን ነጥራ ትመለሳለች። ለልጅ መስጠትን መቀበልን የሚያስተምር መጫወቻ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ተኩሱ ሲያበቃ ያለው ፍቅር ደግሞ ሌላ ነው። ጥብሱ ደርሷል፣ እንጀራው ተዘርግቷል። ቀለህ ሲለቅም፣ የጥይት ካርታ ሲሞላ የዋለው እጅ ሱሪው ላይ ጠረግ ጠረግ ይደረግና ወደ ማዕዱ ይወርዳል። ጣቶቹ ጠቁረዋል። ጥቁረቱ ውስጥ የእርሳስ ብናኝ አለበት፤ ከጥይቱም ከማቀጣጠያውም የወጣ። እርሳስ ደም ውስጥ ይገባል፣ የሕፃን አእምሮ ላይ ደግሞ ይበረታል። ሐኪሞች እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ልብሳችሁን ሳትቀይሩ ልጅ አትቀፉ የሚሉት የኛን ባህል ስለማያውቁ ይሆናል። እኛ ጋ አባት መጀመሪያ ያጎርሳል። አንዱን ለትንሿ ልጁ፣ ሁለተኛውን ለካሜራማኑ፣ ጠቅልሎ ጠቅልሎ፣ በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ እኔም ተጋብዣለሁ። እመጣለሁ፣ መኪናዬን ከመቶ ያርዱ ወዲያ አቁሜ። ከወዲሁ የማስታውቀው አንድ ነገር ቢኖር ጾም ላይ ነኝ። በፍስክ፣ በቅዳሜ የምን ጾም ነው ብላችሁ እንዳትመረምሩኝ።