ማስተካከያ፦ «ለሚመለከተው ሁሉ» የት ይጻፋል?

ስለ ደብዳቤ አጻጻፍ ቀደም ሲል በወጣው መረጃ፣ የተቀባዩ ስም ካልታወቀ «ለሚመለከተው ሁሉ» ማለት ይበቃል ተብሎ ነበር። ይህ በሚከተለው ይታረም። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚስማማው ማን ዘንድ እንደሚቀርብ አስቀድሞ ለማይታወቅ ጽሑፍ፣ ለምሳሌ ለሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። የሥራ ማመልከቻ ወይም አቤቱታ ግን መድረሻው ይታወቃል፤ ስም ባይኖር እንኳ ክፍሉ ወይም ኃላፊነቱ ይጻፋል፦ «ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል»። እንዲህ ካልሆነ መዝገብ ቤት ወደ ማን እንደሚመራው ይቸገራል፣ ደብዳቤውም እዚያው ይከርማል።

በማዕረግ በኩልም መጠንቀቅ ነው። ለወንድ «ክቡር»፣ ለሴት «ክብርት»። «ዶ/ር» ካለ «አቶ» ወይም «ወ/ሮ» አይደረብበትም። ማዕረጉ የሚቀድመው የሰውዬውን የራሱን ስም እንጂ የአባቱን ብቻ አይደለም። ተቀባይዋ ወ/ሮ ትሁን ወ/ሪት ካልታወቀ መገመት አያስፈልግም፤ የሥራ ኃላፊነቷን መጻፍ ይሻላል።

ከተቀባዩ ስም ሥር «ባሉበት» የሚባለው ለግለሰብ ነው፤ ለመሥሪያ ቤት ከሆነ በ«ባሉበት» ምትክ የከተማው ስም ይጻፋል። በ«እርስዎ» የተጀመረ ደብዳቤም መሃል ላይ ወደ «እናንተ» አይዙር።