እሰይ! ቮልሷ ጮኸች

የአዲስ አበባ የቮልስ ባለቤት ምስጋና ይገባዋል። አባቱ ተንከባክበው ያቆዩለትን መኪና ሲረከብ፣ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ አተነፋፈሷ ነው። ፍሬኗ በአንዴ ካልያዘ ሁለቴ ይረገጣል። የዝናብ መጥረጊያዋ ካልሠራም ክረምቱ ማለፉ አይቀርም። ፊልትሮ፣ ማለትም ሞተሩ የሚስበውን አየር የሚያጣራው ዕቃ፣ ግን ለነገ አይባልም።

ምርጫውማ አንጀት ያርሳል። ፋብሪካው የሰጣትን ፊልትሮ፣ ያንን ጥቁር ቆርቆሮ፣ ፈትቶ ያወጣል። በምትኩ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡራተር አናት ላይ ቀይ ሾጣጣ ፊልትሮ ከነኒኬሉ ይተክላል። ከዚያ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ያቆምና የኋላውን ኮፈን ይከፍታል። ሰው ይሰበሰባል። አንዱ "ስንት ፈጀብህ?" ይላል። ሌላው "ኦርጅናል ነው?" ይላል። "አቧራ ይይዛል ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ ነገረኛ እስካሁን አልተገኘም። ጨዋ ሕዝብ ነን።

የወጣው ቆርቆሮ ለነገሩ ምን ይሠራ ነበር? ታች ዘይት ይጨመርበታል። ላይ ጥልፍልፍ ነገር ታጭቆበታል። አየሩ ወደ ታች ይወርድና ዘይቱ ጋ ሲደርስ ድንገት ይታጠፋል። አቧራው ከባድ ስለሆነ መታጠፉ ያቅተውና ዘይቱ ውስጥ ይዘፈቃል። ያመለጠውን አቧራ በዘይት የራሰው ጥልፍልፍ ይይዘዋል። ሲቆሽሽ ጭቃውን ደፍቶ፣ አጥቦ፣ እስከ ምልክቱ ድረስ የሞተር ዘይት መሙላት ነው። በቃ። ፒያሳ ፈርሶ ሲሠራ የነበረውን አቧራ እንኳ ያለ ብዙ ጣጣ ይችለዋል።

እንግዲህ ፍረዱኝ። በየጊዜው አዲስ አይገዛም፣ አያብለጨልጭም፣ ድምፅ የለውም። እንዲህ ያለ ዕቃ ሰው ፊት ምን ተብሎ ይወራለታል? ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል። ለቆራሌው በኪሎ መሸጡ አግባብ ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ የሠሩት መሐንዲሶች ይህ አልታያቸውም። የመጨረሻዋን በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ሠርተው (አደባባዩን አይደለም፣ ያኛውን ሜክሲኮ) እስኪያቆሙ ድረስ አልታያቸውም። የእኛ ሰው ግን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደረሰበት።

የግዢውን ሥነ ሥርዓት ሶማሌ ተራ ሄዶ ማየት ነው። ሻጩ ካርቶኑን ከፍቶ ኒኬሉን በጥፍሩ ቋ ቋ ያደርጋል። "የጀርመን ነው" ይላል። ካርቶኑ ሌላ አገር ቢልም ካርቶን ምን ያውቃል። ገዢው ደግሞ ዋዛ አይደለም፤ ይፈትናል። ፊልትሮውን አንስቶ ከንፈሩ ላይ ይለጥፍና እፍ ይላል። ትንፋሹ በወዲያ በኩል ያለ ችግር ይወጣል። ፊቱ ይበራል። "ይተነፍሳል!" የዓሣ መረብም ይተነፍሳል፣ ግን ቀይ አይደለም።

አፉ ከካርቡራተሩ ቢሰፋ ችግር የለም፤ የከመነዳሪ ቁራጭ ይጠመጠምበታል። ፊልትሮው በዘይት ረጥቦ የሚሠራ የጥጥ ዓይነት ከሆነ ደግሞ የራሱ ዘይት ያስፈልገዋል። ያለ ዘይቱ ደቃቁን አቧራ ያሳልፋል። ሻጩ በዚህ ደንበኛን አያስጨንቅም። ደረቁን ጠቅልሎ "በደስታ ንዳው" ብሎ ይሸኛል።

ዋናው ጥቅም ግን ጉልበት ነው። ሺ ሁለት መቶዋ ቮልስ ከፋብሪካ ስትወጣ 34 የፈረስ ጉልበት ነበራት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሩብ ያህሉ ጉልበት እዚህ ሳይደርስ ይቀራል። የጎደሉትን ስምንት ፈረሶች እንግዲህ ቀዩ ፊልትሮ ከደብረ ዘይት ቁልቁለት ጠርቶ ያመጣቸዋል። ከለገሃር ተነስታ ቸርችልን ሽቅብ ስትወጣ ስሙልኝ። ያ ቆርቆሮ አፍኖት የነበረው የአየር ማጉረምረም አሁን ነፃ ወጥቷል። ሚኒባሱ ቀድሟት ይሄዳል፣ እሷ ግን እየሮጠች ያለች ይመስላል። ቤንዚን በዚህ ዋጋ በሚሸጥበት ዘመን ሳይሮጡ የመሮጥን ያህል ቁጠባ የለም። በነገራችን ላይ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ ነበረች። ያን ያህል ዙፋን ስታወርድ "ጉልበት ያንሳታል" ያላት ሰው አልሰማሁም።

ክረምት ሲመጣ ደግሞ ሌላ በረከት አለ። ካርቡራተር ውስጥ ቤንዚን ሲተን ብርድ ይፈጥራል። እርጥብና ቀዝቃዛ አየር ሲገባበት ውስጡ በረዶ ሊሠራ ይችላል። የድሮው ቆርቆሮ ለዚህ ብሎ ሞቅ ያለ አየር የሚያመጣ ቱቦ ነበረው። ቱቦው አሁን ሥራ ፈትቶ ተንጠልጥሏል። ሐምሌ ላይ፣ በማለዳ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መብራት ሲይዛት ሞተሯ ድርግም ይላል። ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክስ ያስጮኻል። ባለቤቱ ወርዶ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ቀዩን ፊልትሮ በፍቅር ዓይን ያየዋል፣ ከዚያም ፍርዱን ይሰጣል። "ቤንዚኑ ውሃ አለው።" ቆየት ብሎ ሲያስነሳት ትነሳለች፤ በረዶው በሞተሩ ሙቀት ቀልጧላ። ነዳጅ ማደያው ግን ስሙ ጠፍቶ ቀረ።

ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን የዘይት ጭስ ወደ ፊልትሮ መልሶ የሚያስቃጥል ሌላ ቱቦም ነበር። እሱም ተፈቷል። ተሳፋሪው የዘይት ሽታ በነፃ ያገኛል።

የገባው አቧራ ደግሞ እንዲሁ ገብቶ አይወጣም። ከዘይት ጋር ተለውሶ የፒስተኑን ፋሻ (ቀለበቱን) እና ሲሊንደሩን ቀስ እያለ ይፍቃል። ማንም አያየውም፣ ማንም አይሰማውም፤ ጩኸቱ መች ያሰማል። ከጊዜ በኋላ ሰማያዊ ጭስ ይጀምራል። ዘይት መጨመር ይበዛል። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ሞተሩ መውረድ አለበት" ይላል። ይህም ቢሆን በጎ አድራጎት ነው፣ መካኒኩ ልጆች ያሳድጋል።

ባለቤቱ ግን እንዲህ በቀላሉ አይሸወድም። ከኋላ ቆሞ ጭሱን አጥንቶ ምክንያቱን ራሱ አግኝቶታል። መተንፈሻዋ ተከፍቶላት ማስወጫዋ ጠቧት ነው። ኒኬል የተነከረ ባለ ሁለት አፍ ማርሚታ አየሁ ያለው ሰው አለ፤ ቅዳሜ ሊያየው ቀጠሮ ይዟል።