ሳነቴ ላይ አጥንት አትጣሉ

ወገኖቼ፣ በተለይ ሚኒባስ ተከራይታችሁ ከአዲስ አበባ ወደ ባሌ ተራሮች ለእግር ጉዞ የምትወጡ፣ ስሙኝ። መሄዳችሁን እወደዋለሁ። አካሄዳችሁ ግን ያሳዝነኛል።

እዚያው ባሌ፣ ሳነቴ አምባ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ቀይ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ አድፍጣለች። ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ጆሮዋ ቀጥ ብሏል። አንድ እግሯን አንስታ ሳታወርደው ትጠብቃለች። ከፍልፈሉ አናት ላይ ትንሽ አፈር ስትነቃነቅ ይታየኛል። ያኔ አንድ መኪና መጥቶ ቆመ። በሩ ሲከፈት ሙዚቃው አምባውን ሞላው። ልጆቹ ስልካቸውን ደግነው ሮጡ። አንደኛው አዝኖላት ከምሳው የተረፈውን የዶሮ አጥንት ወረወረላት። ፍልፈሉ ጉድጓዱ ገባ፣ እሷም ጾሟን ሄደች። አጥንቱ እዚያው ቀረ።

ያ አጥንት የማን ሲሳይ እንደሚሆን ታውቃላችሁ? የውሻ ነው። ከእረኞች ጋር የሚወጡ ውሾች አሉ፤ ትርፍራፊ የለመደ ውሻ ደግሞ ካለበት አይርቅም። ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 ይኸው በሽታ እዚያው ባሌ ያለው ወይብ ሸለቆ ገብቶ የሸለቆውን ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷል። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ያህል ብቻ ናቸው፤ ሁሉም እኛ አገር ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። የአካባቢው ሰው በኦሮምኛ «ጀዳላ ፈርዳ» ይላታል፣ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። እሱ ከእሷ ጋር ስንት ዘመን ኖሯል። እኛ ለሁለት ቀን ሄደን ነው ይህን የምናደርገው።

ለእሳት ብላችሁ አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ አትቁረጡ። ቁርጭምጭሚት በሚያህል ውፍረት ለመድረስ ስንት ዓመት እንደፈጀበት አስቡት፤ እናንተ በአንድ ምሽት ትጨርሱታላችሁ። ብርዱ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ሌሊት ውሃው በረዶ ይሠራል። ስለዚህ ወፍራም ልብስ ያዙ።

ስለ ራሳችሁም እላለሁ። የሳነቴ ከፍተኛ ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ በማግስቱ እዚያ ጫፍ ላይ ልትቆሙ አትሩጡ፤ ሰውነታችሁ ከፍታውን እንዲለምድ መጀመሪያ ዝቅ ያለችው ድንሾ ከተማ እደሩ። ከፍታው የሚያመጣው ራስ ምታት ከጠናና ማስመለስ ከጀመራችሁ፣ «ይለቀኛል» ብላችሁ አትቀመጡ፣ ውረዱ። አስጎብኚው «ተመለሱ» ሲል አትከራከሩት። ሾፌራችሁንም ሳነቴ ላይ ቀስ ብሎ እንዲነዳ ንገሩት፤ ቀበሮዋ መንገዱን ታቋርጣለች።

ቀበሮ ስታዩ ሞተሩን አጥፉ፣ ከመኪናው አትውረዱ፣ ዝም በሉ። ፌስታል ያዙ። አጥንቱንም፣ የሃይላንድ ጠርሙሱንም፣ የሶፍቱን ቁራጭም ሰብስባችሁ ጎባ ድረስ ይዛችሁ ውረዱ።